ተወልውሎ ያደረ ጫማ

ጠዋት የክፍላቸውን በር ስትከፍት የባሏ ጫማ ተወልውሎ፣ ጫፉን ወደ ግቢው በር አዙሮ፣ ደረጃው ላይ ጥንድ ሆኖ ተቀምጦ አገኘችው። ማታ እንዲህ አልነበረም። ማታ ጭቃ እንደያዘ፣ አንደኛው በጎኑ ተጋድሞ ሌላኛው ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ እሷም ሲደርቅ አራግፈዋለሁ ብላ አልፋው ገብታ ነበር። የታጠቡትን የሕፃኑን ጨርቆች የሞላችበት ሳፋ እጇ ላይ ድንገት ከበዳት። መጀመሪያ ያየችው የጎረቤቶቹን በሮች ነው። ሁሉም ዝግ ናቸው። ሳፋውን አስቀምጣ፣ ጫማውን በሻርፕዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ተመለሰችና በሩን በጀርባዋ ገፍታ ዘጋችው። ያያት ሰው ቢኖር የሰው ዕቃ ያነሳች ሌባ እንጂ የገዛ ባሏን ጫማ ያስገባች ሴት አትመስለውም ነበር።

በዚህ ግቢ ተወልውሎ ያደረ ጫማ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ተከራይ የለም። አከራዩ ሽማግሌ ማንንም ሰው "ቤቴን ልቀቅልኝ" ብለው አያውቁም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍርድ ቤት ውስጥ የዳኞችን ውሳኔ ለባለጉዳይ የሚያነቡ ጸሐፊ ነበሩ፤ ምናልባት ያኔ ያነበቡት በቅቷቸው ይሆናል፣ አሁን ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። የወለሉ ሸክላ እንዳይጫር ጫማ ውጭ ማሳደር የቤቱ ደንብ ነው። እንዲሄድላቸው የሚፈልጉት ተከራይ ሲኖር ጎህ ሳይቀድ ይመጡና በበሩ ላይ ያደረውን ጫማ ያነሳሉ። በረንዳቸው ላይ ወስደው አቧራውን ይጠርጋሉ፣ ክሬም ይቀባሉ፣ እስኪመጠጥ ይጠብቃሉ፣ በብሩሽ ይመቱታል፣ በጨርቅ ያሹታል። ከዚያ መልሰው በቦታው ያኖሩታል፤ ጫፉን ግን ወደ ውጭ አዙረው። በቃ፣ ወሩ ሲያልቅ ክፍሉ ባዶ መሆን አለበት። መጀመሪያ የደረሰው ሰው፣ ማተሚያ ቤት የሚሠራ አንድ ወንደላጤ፣ ደግነት መስሎት "እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ምን አደከመዎት?" ብሎ ሊያመሰግናቸው ሄዶ ነበር አሉ። "መልካም መንገድ" አሉት። ከዚያ ወዲህ ያመሰገናቸው የለም፤ የተከራከራቸውም የለም። ጫማን ምን ብለው ይከራከሩታል? ከኋላቸው "መስታወት" ይሏቸዋል። ፊት ለፊት ሲያገኟቸው ግን ሰላምታ የሚሰጣቸው ተከራይ ሁሉ ዓይኑ በገዛ እግሩ ላይ ነው።

ክፍላቸው አንድ ነው፤ በመጋረጃ ሁለት አድርጋዋለች። ከመጋረጃው ወዲያ የባሏ እናት ፍራሽ፣ ከወዲህ የእሷና የባሏ አልጋ፣ በአልጋውና በመስኮቱ መካከል የስፌት መኪናዋ። መተላለፊያ ስለሌለ አማቷ ሲወጡ እሷ ከወንበሯ ትነሳለች፤ እሷ ምድጃ ስትለኩስ አማቷ እግራቸውን ይሰበስባሉ። እንደዚያም ሆኖ የምትሳሳለት ክፍል ነው። የስፌት መኪና መብራት እንደሚበላ እያወቀ የፈቀደ፣ ደንበኛ ሲገባ ሲወጣ ዝም የሚል፣ ሕፃን ያላትን ተከራይ የማይጸየፍ አከራይ ከየት ይገኛል? የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምታገኘው ኪራዩን ይችላል፤ የባሏ የአውቶብስ ሾፌርነት ደመወዝ ለሌላው ነው። መኪናዋ ከዚህ መስኮት ሥር ከተነሳች ሥራዋም አብሮ ይነሳል።

ጫማውን አልጋው ጫፍ ላይ ጋዜጣ አንጥፋ አስቀመጠችውና በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ቡናማ ስዊድ ነው፤ እንደ ኮክ ልጣጭ ብናኝ ጸጉር ያለው፣ እጅ ሲያልፍበት ጥላው የሚለዋወጥ፣ የማያብለጨልጭ ቆዳ። ባሏ ከረዳትነት ወደ ሾፌርነት ያደገ ጊዜ ከልባሽ ነጋዴ የገዛው፣ አንድ ለእናቱ የሆነ የክት ጫማው ነው። ለሥራ አያደርገውም። ትናንት ግን "ጉዳይ አለኝ" ብሎ አድርጎት ወጥቶ በዝናብ ተመለሰ። ዛሬ ደግሞ የሥራውን ጫማ አጥልቆ ገና በጨለማ ሄዷል። ስዊዱ አሁን ጠቁሯል። ጸጉሩ ተኝቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ዝናብ የመታው ከፋይ ጨርቅ ይመስላል፤ እላዩ ላይ ግን ያብለጨልጫል። ልብስ ሰፊ ናትና ሌላ ቀን ቢሆን አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ጣቷ ይነግራት ነበር። ዛሬ ጣቷም ፈርቷል። ጎህ ሲቀድ በእንቅልፍ ልቧ የብሩሽ ድምፅ ሰምታ ነበር፤ ዝናብ መስሏት ብርድ ልብሱን ወደ ሕፃኑ ሳበች።

"እማማ፣ ዛሬ ጋሼ ወደ እኛ በር መጥተው ነበር እንዴ?"

ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት አማቷ ከወፍ ቀድመው የሚነቁ ሴት ናቸው። ፍራሻቸው በራሳቸው በኩል ካለችው ትንሽ መስኮት ሥር ስለሆነ በደረጃው ላይ የሚያልፍ ድመት እንኳ አያመልጣቸውም።

"እኔ ምን አውቄ" አሉ።

"ጫማውን ወልውለውታል።"

አማቷ ዝም ሲሉ ክፍሉ የሚጠብ ይመስላታል። ከሠርጓ ጀምሮ አብረው ኖረዋል፤ ተጣልተው አያውቁም፣ ተጫውተውም አያውቁም። ጨው አቀብዪኝ፣ ሕፃኑ ነቅቷል፣ በሩን ዝጊው፤ ቋንቋቸው ይህችው ናት። ከብዙ ቆይታ በኋላ "የተጻፈ አይቀርም" የሚል ድምፅ መጣ።

ምን አጠፋን? የሚለው ጥያቄ ተመልሳ ወጥታ ጨርቆቹን ስታሰጣም አልለቀቃትም። ባለፈው ሳምንት ሕፃኑ ትኩሳት ይዞት ሲያለቅስ አድሯል። የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ መኪናዋ ሰው ከተኛ በኋላም ጮኻለች። የአማቷ ሳል በግድግዳው ያልፋል። እጣቢ ስትደፋ የሽማግሌውን ጽጌረዳ ነክታ ይሆናል። ባሏ ሰላም ሳይላቸው አልፎ ይሆናል፤ ቀኑን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ሲመጣ የቆመውንም የተቀመጠውንም አያይም። ወይስ የኪራዩ ነገር ይሆን? አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም፤ ግን እንደ ዘመኑ ከሆነ ኪራይን በቀኑ መክፈልም ራሱ ጥፋት ነው፣ ከዚህም በላይ መክፈል ትችላላችሁ ማለት ነውና። ያለፈውን ወር እንደ ምስር ዘርግታ ስትለቅመው ከየቀኑ አንድ ጠጠር አላጣችም። ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ብቅ ሲሉ እጇ ላይ የነበረውን እርጥብ ጨርቅ ጨምቃ እንደያዘች ቀረች። እሳቸው ሰማዩን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ገቡ። አላዩዋትም። አለማየታቸው ራሱ ማስረጃ መሰላት።

ሳፋዋን ልታለቀልቅ ስትሄድ ልብስ አጣቢ የሆነች ጎረቤቷ ቧንቧው ጋ ጠበቀቻት። ግቢው "ነጎድጓድ" ነው የሚላት፤ ደህና አደርሽ ስትል መንገድ ላይ የሚያልፈው ሰው እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። ዛሬ ግን በሹክሹክታ ነበር የተናገረችው።

"አየሁት።"

"ምኑን?"

"ተይ እንግዲህ! ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ደረጃሽ ላይ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ቁጭ ብሏል። ወይኔ እህቴን! ምን አደረጋችኋቸው?"

"ምንም። በልጄ ሞት፣ ዝም በይልኝ።"

"እኔ? እኔ እኮ መቃብር ነኝ" አለች ነጎድጓድ። ሁለት በሮች ወዲያው ገርበብ ሲሉ ታየ። ባልዲዋን ሞልታ ደግሞ ጠጋ አለች። "ግን መጋረጃውን ይዘሽው ነው የምትሄጂው?"

"ምን?"

"አይ፣ የእኔ መስኮት ልክ ነው ብዬ እኮ ነው።"

"ገና እኮ ነው እታለም!"

"ገና ነው፤ እኔስ መቼ ዛሬ አልኩ? ብቻ ለሌላ ሰው ቃል እንዳትገቢ።"

ክፉ ሴት አልነበረችም። ሕፃኑ የታመመ ለት በጀርባዋ አዝላ ግቢውን ስትዞር ያደረችው እሷ ናት። ነገር ግን ልብስ ሰፊዋ ሳፋዋን አንስታ ስትመለስ ነጎድጓድ የራሷን ጫማ ከደረጃዋ ላይ አንስታ ወደ ውስጥ ስትወረውር፣ የጋራ የነበረውን የልብስ ገመድም ወደ ራሷ በኩል ስትስብ አየቻት። ውሻ ያየ እግር እንዲህ ነው፤ ቀድሞ የሚያድነው ራሱን ነው።

ረፋዱ ላይ ሕፃኑን አዝላ ደላላ ፍለጋ ወጣች። ከአውቶብስ ማቆሚያው ጀርባ፣ የተሰነጠቀ ግንብ ሥር፣ በሁለት እጁ ሁለት ስልክ ይዞ በአንድ አፍ ከሁለት ሰው ጋር የሚጨቃጨቅ ሰውዬ ነው። ስንት ናችሁ አላት። አራት፤ እኔ፣ ባሌ፣ እናቱ፣ ይሄው ሕፃን። የስፌት መኪና አለኝ፣ በመብራት ነው አለችው። ደላላው ስልኮቹን ከጆሮው አውርዶ አያት። የወሰዳት የመጀመሪያው ክፍል ደረጃ ሥር ያለ ነበር። መስኮት የለውም፤ ሰው በላይ ሲወጣና ሲወርድ ጣሪያው ይቆጥራል፤ አሁን ካሉበት በእጥፍ ነው የተጠራው። ሁለተኛው የድሮ ማድ ቤት ነበር፤ ጥላሸቱ በኖራ ተሸፍኖ፣ ኖራው ደግሞ ላብ እንዳላበው ግንባር ይወርዛል። ባለቤቲቱ በር ላይ ቆማ ከእሷ ይልቅ ጀርባዋን አየች። "ያለቅሳል?" አለቻት። "ሕፃን ነዋ" አለች። "እሱማ ሁላችንም ነበርን" አለችና በሩን በቀስታ መለሰችው። ሦስተኛው ግቢ ገና ሳይገቡ መኪናዋ በመብራት ናት ሲባል ተመለሱ።

"እህት አለም" አላት ደላላው በመጨረሻ፣ "ቤት ነው የምትፈልጊው ገነት? ገነትም ቢሆን እኮ አራት ሆነው አይገቡም፤ በየተራ ነው።" ሳቀ፤ አለመሳቋን ሲያይ ደግሞ ደነገጠ። "ባልሽን ይዘሽው ነይ። ሕፃኑን ግን ሰው ጋ ትተሽ ነይ። እናቱንም... እንግዲህ እንደምንም በሏቸው።"

ግንቡ ሥር ኩርምት ብላ ቁጭ አለችና ለባሏ ደወለች። የሞተር ድምፅ፣ የሰው ጫጫታ፣ ከዚያ የእሱ "ሃሎ"። ጋሼ ጫማህን ወልውለውታል አለችው። የአውቶብሱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማት። "እንዲያ ነው እንግዲህ" አለ። "አትጨነቂ። ማታ እናወራለን።" መቼ? ለምን? አላለም። አለመደንገጡ ለጊዜው አጽናናት። ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንኳ ልቡ በቦታው ከሆነ ምን አለ ብላ፣ የሕፃኑን እግር በመዳፏ እያሻሸች ወደ ቤት ተመለሰች።

ስትገባ መጋረጃው ተገልጧል። አማቷ ፍራሻቸው ላይ ተንበርክከው አሮጌ የጉዞ ቦርሳቸውን ከፍተዋል። ልብሳቸውን አጣጥፈዋል፤ ሹራባቸው፣ የጸሎት መጽሐፋቸው፣ በጨርቅ የተጠቀለለች ስኒያቸው። ከነሱ ጎን የልጃቸው ሸሚዞች በቁልፋቸው ተቆልፈው እንደ አዲስ ተደርድረዋል። የእሷና የሕፃኑ ልብስ ግን ሚስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። አስተውላዋለች፤ አሮጊት ሰው እጁ ከደረሰበት ይጀምራል ብላ አለፈችው።

"እማማ፣ ምነው ተቻኮሉ? ወሩ እኮ ገና ነው።"

"መሄድ ካልቀረ" አሉ ቀና ሳይሉ። የሸሚዝ ኮሌታ በአውራ ጣታቸው እየደጋገሙ አቀኑ።

ያ የተከፈተ ቦርሳ ከሦስቱ ክፍሎች የበለጠ አስፈራት። ሕፃኑን አጥብታ አስተኛችው። መኪናዋ ላይ ግማሽ የደረሰ ዩኒፎርም አለ፤ ሰኞ ጠዋት የሚወሰድ። ፔዳሉን ረገጠች፤ መርፌው ሁለት ጊዜ ሲወርድ ድምፁ ግቢውን የሞላው መሰላትና እግሯን አነሳች። እንዲህ ሆኖ መሥራት እንደማይቻል ገባት። እስከ ዛሬ ማንም ያላደረገውን ማድረግ ነው ያለባት፤ ሄዶ በአፍ መለመን። ጫማውን በፌስታል ከተተችና ሐሳቧን ሳትቀይር ፈጥና ወጣች።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ነበሩ። ቅዳሜ ከሰዓት የጫማቸው ሰዓት ነው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተዘርግቷል፤ የጥቁሩ ብሩሽ ለብቻ፣ የቡናማው ለብቻ፣ የደረቁ ለብቻ ተደርድሯል። የተወለወሉት ጫማዎች ቅርጻቸው እንዳይሸበሸብ ሆዳቸው ጋዜጣ ጠግቦ በጥላ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ላይ የነበረው ግራጫ ስዊድ ነው፤ በደረቅ ብሩሽ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሕፃን እንደሚያበጥር ሰው ቀስ እያሉ ይጠርጉታል። ያጠናችው ንግግር ነበራት። እሳቸውን ስታይ ሁሉም ጠፍቶ "ስለ ሕፃኑ ብለው ጋሼ" የሚለው ብቻ ወጣ።

"ሕፃኑ ምን ሆነ?"

ፌስታሉን ከፈተችና ጫማውን አወጣች። ሽማግሌው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አንዱን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አሸተቱት፤ ፊታቸው ተኮማተረ።

"ማነው ይሄን የገደለው?"

"እርስዎ... እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"እኔ?" ብሩሹን አስቀመጡ። እስከ ጆሯቸው ጫፍ ድረስ ቀሉ። "እኔ ስዊድ ላይ ቀለም እቀባለሁ? እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?" ከዚያ ንዴታቸው ወደ ጫማው ዞረ፤ የሚናገሩት ለእሷ ይሁን ለእሱ አይለይም ነበር። "ይሄ እኮ በጸጉሩ የሚተነፍስ ቆዳ ነው። ጭቃው ይደርቃል፣ በደረቅ ብሩሽ ይራገፋል፣ እምቢ ያለው እድፍ በላጲስ ይታሻል። ጸጉሩ ቢተኛ ማንቆርቆሪያ አፍልቶ በእንፋሎቱ ላይ አሳልፎ ማበጠር ነው። ቀለም! ያውም ጭቃው ሳይደርቅ! እዪው፣ ስፌቱ ውስጥ እንዴት እንደጠቀጠቀው። በጨለማ፣ በችኮላ፣ ጫማ አይቶ በማያውቅ እጅ።"

"እንግዲያ ቤቱን... አላስለቀቁንም?"

ይህን ቃል በዚህ ግቢ በአፉ ያወጣው ሰው አልነበረም። ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ከእኔ ቤት የሚወጣ ሰው ጫማው እንዲህ ሆኖ አይወጣም" አሉ። "እናንተን ገና አላሰብኩም።"

እፎይ ልትል የከፈተችው አፍ "ገና" የሚለው ላይ ሲደርስ ተመልሶ ተዘጋ። ታዲያ ማነው አለች። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ማደሩን፣ ከመንገድ የገባ ሰው አለመኖሩን ነገሯት። ከዚያ የራሳቸውን እጅ ዘርግተው ጥፍሮቻቸውን አሳዩዋት፤ ዳር ዳሩ ከዕድሜ ልክ ቀለም ቡናማ ሆኖ ቀርቷል። "በሳሙና አይለቅም" አሉና ወደ ግራጫው ጫማቸው ተመለሱ።

ከበረንዳው ወደ ክፍሏ ተመለሰች። በሩ ጀርባ የተሰቀለው ፎጣ ጫፉ ላይ የቡናማ ጣት አሻራ አለ። ጠዋት በድንግዝግዝ አላየችውም ነበር። አውራ ጣት ነው፤ ሰፊ፣ መሪ የሚይዝ አውራ ጣት። ፎጣውን ይዛ ቆማ የትናንቱ "ጉዳይ"፣ የስልኩ "እንዲያ ነው እንግዲህ"፣ ቦርሳው ውስጥ የተደረደሩት ሸሚዞች አንድ በአንድ መጡባት፤ እንደ ተቆራረጠ ጨርቅ በየቦታው የነበሩት ሲገጣጠሙ የአንድ ሰው ልብስ ሆኑ። ቀና ስትል አማቷ ፎጣውን እያዩ ነበር። ዓይን ለዓይን ተገናኙ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ቀድመው ሰበሩና የቦርሳውን ዚፕ ዘግተው መጋረጃውን ሳቡት። ይህች ሴት ጠዋት በዚያ መስኮት አይታለች። ቀኑን ሙሉ አውቃ ነው የዋለችው።

ከዚያ በኋላ ባሏ እስኪመጣ ድረስ የነበረው ጊዜ የከፋው ነው። አከራይን መፍራት ታውቅበታለች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእናቷ የተማረችው ፍርሃት ነው፣ በር ላይ ይቆማል፣ ድምፅ ዝቅ ያስደርጋል፣ ኪራይ ሲከፈል ለአንድ ወር ይተኛል። ይሄኛው ግን ትራሷን የሚጋራ ነው። ለምን እንዲህ አደረገ? ምን ሊያደርግ ነው? መጥቶ ምን ይላል? ሕፃኑ ነቅቶ በክር ጥቅል ይጫወታል። አማቷ ይስላሉ። ሁለቱም ሴቶች የደረጃውን ድምፅ ይጠብቃሉ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ መጣ። ጫማውን ውጭ አውልቆ ገባ፤ ሕፃኑን አልሳመውም፤ ቀድሞ እጁን ታጠበ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን አሻሸ። መልካም ሠራተኛ ነው፤ ሰክሮ ገብቶ አያውቅም፣ እጁን አንስቶባት አያውቅም። ሰው ፊት መናገር ሲገባው ግን ላብ የሚያጠምቀው ሰው ነው፤ ረዳት ሆኖ ሲሠራ እንኳ ያልከፈለን ተሳፋሪ ከመጠየቅ ከኪሱ ይሞላ ነበር።

"እንግዲህ ጋሼ ካሉ አሉ ነው" አለ። ጊዜ ወስዶ ያጠናው መሆኑ ያስታውቃል። "ምን ይደረጋል? አንቺ ሕፃኑን ይዘሽ ለጊዜው እናትሽ ጋ ብትሆኚ... ነገሩ እስኪረጋጋ ማለቴ ነው።"

"አንተስ?"

"እኔማ... መሥሪያ ቤቱ ሌላ ከተማ መድቦኛል። ትናንት ነው የፈረምኩት። ማደሪያ ይሰጣሉ።"

"ጋሼ አላሉም" አለች።

"ምን?"

"ስዊድ ላይ ቀለም አይቀቡም። ሄጄ ጠየቅኋቸው።"

ወዲያው ወደ ጥፍሩ አየ። ከዚያ እጆቹን ጨብጦ ብብቱ ሥር ደበቃቸው። የክሩ ጥቅል ከሕፃኑ እጅ አምልጦ ከአልጋው ሥር ተንከባለለ፤ ማንም አላነሳውም።

"ምን ብዬ ልንገርሽ?" አለ በመጨረሻ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ፊትሽን እያየሁ ምን ብዬ? አራት ሰው ነው ትከሻዬ ላይ ያለው። ደክሞኛል። ሽማግሌው ሲያደርጉት ቀላል ይመስላል... ጫማውን አይተሽ ራስሽ እንድታውቂው ብዬ ነው።"

ልትመልስለት አፏን ስትከፍት አማቷ ከመጋረጃው ወዲያ ቀደሟት። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀሙት ድምፅ ሁሉ ባንዴ ወጣ። "ተይው ልጄን! ምን አጠፋ? ሠርቶ ይልክልሽ የለ? እኔ እዚያ ሆኜ አበስልለታለሁ፣ ልብሱን አጥብለታለሁ። አንቺም እናትሽ አሉ፤ መንገድ ላይ አልጣለሽ።"

ባሏ ወደ መጋረጃው አልዞረም። አንገቱ ብቻ ዝቅ አለ፤ እሷም ያንን አየች።

"ማደሪያው ለስንት ሰው ነው?" አለችው።

ካልሲውን ወደ ላይ ሳበ።

"እኔ እኮ ነኝ የምጠይቅህ። ለስንት ሰው ነው?"

"ለአንድ" አለ። "አንድ አልጋ ነው። ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ነው የማድረው።"

ከመጋረጃው ወዲያ ሳሉ ቆመ። ከዚያ የተሸበሸበ እጅ መጋረጃውን ጫፉን ይዞ ቀስ ብሎ ገለጠው። አሮጊቷ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"እኔስ?" አሉት።

"እማ፣ እህቴ ትወስድሻለች ብዬ..."

"ነግረሃታል?"

"ልነግራት ነበር።"

"በምን? በጫማ?"

ማንም አላለቀሰም፣ ማንም አልጮኸም። በመስኮቱ በኩል የነጎድጓድ ሳቅ ገብቶ አለፈ። ልብስ ሰፊዋ ለአማቷ የምትለው ነገር ነበራት፤ ጠዋት ሲወለውል አይተውት ዝም አሉ፣ ዝም ያሉትም እኔ ብቻ የምጣል መስሎዎት ነው። ቃሉ ሁሉ ተሰልፎ ነበር። የአሮጊቷን ጣቶች አየች፤ የቦርሳውን ማንጠልጠያ ጨብጠው ይዘዋል። ሰኞ ስለሚወሰደው ዩኒፎርም አሰበች። ነገ ብቻዋን በረንዳው ላይ ወጥታ ኪራዩን እኔ ነኝ የምከፍለው፣ ቤቱ በእኔ ይሁን ስለምትለው ነገር አሰበች። ሽማግሌው ምን እንደሚሏት አታውቅም።

"እማማ" አለች፣ "ሸሚዞቹን ለይተው ይስጡት።"

አሮጊቷ ዚፑን ከፈቱ። የልጃቸውን ሸሚዞች አንድ በአንድ እያወጡ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከጉልበቱ ጎን ደረደሩለት። እሱም አልነካቸው፣ አልከለከላቸው። ሲጨርሱ ቦርሳው ውስጥ የቀረው የራሳቸው ልብስ ነበር። ሹራባቸውን በግማሽ አውጥተው ቀና ብለው ምራታቸውን አዩ።

"እነዚህንስ?" አሉ። "ላውጣቸው?"

ተከራይ አከራዩን የሚጠይቅበት ድምፅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ሰማችው፤ ወዲያው መልስ አለመስጠቷ በዚያ ቀን ካስፈሯት ነገሮች ሁሉ በላይ አስፈራት።